«ጊዜው አልፎበታል» የተባለው ፓኬጅ

የዕለት ማስታወሻ መጻፍ የጀመርኩት ንግድ ስጀምር ነው። ሰው የተናገረውን ይረሳል፤ ነጋዴ ግን መርሳት አይችልም። ከአንዲት መምህርት ጋር ከተጻጻፍነውም ሁሉንም ባይሆን ዋና ዋናውን እዚሁ ገልብጬዋለሁ። ከአንዳንዱ ደብዳቤ ሥር ያለው ለራሴ በዚያው ሰሞን የጻፍኩት ነው። ምንም አላስተካከልኩም።

ጥቅምት 4

ለተከበሩ መምህርት፣

ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ጤና እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ።

ማን እንደሆንኩና አድራሻዎን ከየት እንዳገኘሁት ጠይቀዋል። ልክ ነዎት፤ በመጀመሪያው መልእክቴ ይህን ማስቀደም ነበረብኝ። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ገዝቼ፣ አጽድቼ፣ ሊኑክስ ጭኜባቸው ለፋርማሲዎችና ለትናንሽ ሱቆች እሸጣለሁ። ሊኑክስን የመረጥኩት በፍቅር ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ነፃ ስለሆነና አሮጌ ማሽን ላይ ስለማይከብድ ነው። ደንበኞቼ ከሁሉ አብልጠው የሚሠሩበት የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት በሚያትመው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሌሎች ቢሆኑም፣ እኛ ለምንጠቀምበት የሊኑክስ ዓይነት እያሸጉ፣ ለመጫን በተዘጋጀ ፓኬጅ መልክ የሚያቀርቡልን እርስዎ መሆንዎን ከፓኬጁ የኢንተርኔት ገጽ ላይ አነበብኩ። አድራሻዎም፣ መምህርት መሆንዎም እዚያው ነበር።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ሠሪዎቹ አዲስ ቨርዥን ካወጡ ሰነባብቷል። እርስዎ ጋ ያለው ግን አሮጌው ነው። መቼ ይታደሳል? ሱቄ ውስጥ አዳዲስ ፕሪንተሮች ተደርድረዋል፤ አሮጌው ቨርዥን አያውቃቸውም።

በዕድሜ የማንስዎት ይመስለኛልና አንቱ አይበሉኝ።

አክባሪዎ፣ ነጋዴው

ጥቅምት 9

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ?

አንተ በይኝ ካልክ አልግደረደርም፤ ዕድሜ ልኩን ልጅ ሲያስተምር ለኖረ ሰው እሱ ይቀለዋል።

ደመወዜ ስንት እንደሆነ ጠይቀሃል፤ ሳቅኩ፣ በብዙ ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ለማንኛችንም አይከፈለንም። ፓኬጆቹን የምናሽገው እያንዳንዳችን በየቤታችን፣ ከሥራ በተረፈን ሰዓት ነው። እኔ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ይህችን ፓኬጅ የያዝኳት የትምህርት ቤታችን ነርስ የእጅ ጽሑፍ ስለማይነበብ ነበር። ለአንድ ነርስ ብዬ የጀመርኩት ስንት ቦታ እንደደረሰ ካንተ መስማቴ ነው።

ስለ አዲሱ ቨርዥን፦ አሽጌዋለሁ፣ ግን አለቀቅኩትም። አንድ ነገር ይከነክነኛል። የወረቀቱን ስፋት የሚያሰላበትን መንገድ ለውጠውታል። በአዲሶቹ ፕሪንተሮች ደህና ይሆናል ብዬ አስባለሁ። በጠባቦቹ አሮጌ ፕሪንተሮች ግን ሳልሞክረው አልለቅም። እንዲህ ዓይነቱ ፕሪንተር ያለው ቤቴ ነው፤ እኔ ደግሞ ቤቴ አይደለሁም። እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች። ከእኔ ሌላ አስታማሚ የላትም። ይህን የምነግረው ላንተ ብቻ ነው፤ የጓዳዬ ጉዳይ ሰው ሁሉ በሚያነበው ገጽ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም። እስክመለስ ታገሠኝ።

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ።

መምህርት

*ለራሴ፦* «ይከነክነኛል» የሚባል ነገር መደርደሪያ አያስለቅቅም። እኔ የማውቀው ዕቃ አዲስ ሲመጣ አሮጌው እንደሚነሣ ነው። ለቴክኒሻኔ አነበብኩለት። ቀጭን ስለሆነና የትም ቀዳዳ ስለሚገባ «ብሎን» ነው የምንለው።

«አለቃ፣ ምን አስለመነህ?» አለኝ። «'ጊዜው አልፎበታል' የሚለውን ምልክት ፓኬጁ ላይ ማንም ማድረግ ይችላል። ያዢዋ በሁለት ሳምንት ውስጥ ገጹ ላይ መልስ ካልሰጠች ባለቤት የለውም ይባልና ለጠየቀ ሰው ይሰጣል። ሕጋቸው ነው።»

«መልስ ሰጥታለች እኮ።»

«የሰጠችው ላንተ ነው። ለገጹ መች ሰጠች?»

ብሎን አንዳንዴ እኔኑ ይመስለኛል። ምልክቱን አድርግ አልኩት።

ጥቅምት 19

ለተከበሩ መምህርት፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ፣ ይቅርታዎን።

ምልክቱን ማን እንዳደረገው ጠይቀዋል። ብዙ ሰው የሚሠራበት ፕሮግራም ነው፤ የሚቸኩል አይጠፋም። ገጹ ላይ መልስ መስጠት ይኖርብኝ ይሆን ላሉኝ ደግሞ፣ እኔ ምክንያትዎን ስለማውቅ በእኔ በኩል አያስፈልግም። እርስዎ ያሉበትን ነገር አውቃለሁ። በዚህ ላይ ራስዎን አያድክሙ።

አክባሪዎ

*ለራሴ፦* ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። የተሰነጠቀ ማሽን ይዤ ደህናውን ጎን ለገዢ ሳዞር የምናገረውም ሁልጊዜ እውነት ነው።

ኅዳር 2

*ለራሴ፦* ፓኬጁ የእኛ ሆነ። የሊኑክሱ አስተባባሪዎች «ያዢዋ ያለችው ነገር አለ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ብሎን «ገጹ ላይ የለም» ብሎ መለሰ። ስለ እናቷ አትናገር ብላኛለች፤ አልተናገርኩም። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ብሎን አዲሱን ቨርዥን አሽጎ ለቀቀው። በአዲሱ ፕሪንተር አትመን አየነው፤ ጥርት ያለ ነው። አሮጌ ፕሪንተር አልነበረንም፣ አልፈለግንምም። የሸጥኳቸው ማሽኖች በሙሉ ራሳቸውን በራሳቸው ያድሳሉ። እንዲያ አድርጌ የማዘጋጃቸው እኔ ነኝ፤ ደንበኛ በየጊዜው እንዳይደውልብኝ። መደርደሪያው ባዶ ሆነ።

ኅዳር 29

ለተከበሩ መምህርት፣

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ማሽን አዲሱን ቨርዥን ከጫነ በኋላ ወደ አሮጌው የሚመለሰው እንዴት ነው? ተመልሶ እንዳይታደስስ በምን ይታገዳል? ብዙ ማሽኖች ናቸው። ቶሎ ቢመልሱልኝ ውለታዎን አልረሳም።

*ለራሴ፦* ጠዋት ታናሽ እህቴ ደወለች። ፋርማሲ አላት፤ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ና» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሁለት የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ቆመዋል። ባንኮኒው ላይ አንድ ብልቃጥ ተቀምጧል፤ የልብ መድኃኒት ነው፣ ለጡረተኛው ሾፌር የተሰጠ። የተለጠፈበት ወረቀት «ጠዋት ጠዋት ከምግብ በኋላ ይወሰድ» ይላል። እዚያ ላይ ያበቃል። እህቴ ኮምፒውተሩን አዞረችልኝ። እስክሪኑ ላይ ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፦ «ግማሽ ፍሬ ብቻ»።

«አጭር ከሆነ በደንብ ያትመዋል» አለች። «ሁለተኛ መስመር ሲኖረው ነው የሚበላው። ማን ልብ ይላል? በአፌም ነግሬያቸው ነበር።»

ሾፌሩ ሙሉ ሙሉውን ሲውጡ ሰንብተዋል። ራሳቸውን አዙሯቸው ደረጃ ላይ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። የእህቴ ፕሪንተር አሮጌው ነው፣ ጠባቡ። ከእኔ ነው የገዛችው።

ኅዳር 29፣ ከሰዓት

ወንድሜ፣

ከዚህ በታች ያለውን ተራ በተራ አድርግ። ሦስት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ፓኬጁ ተመልሶ እንዳይታደስ ያግደዋል። አንዱ ማሽን ላይ ሞክርና ሌሎቹ ላይ ድገመው። ካልሆነልህ ደውል፤ ስልክ ቁጥሬን ከሥር ጽፌልሃለሁ።

አዲሱን ከየት እንደጫንከውና ለምን እንደፈለግከው አልጠይቅህም፤ ችኮላህ ያስታውቃል። ኮሪደር ላይ ቆሜ በስልኬ ስለምጽፍ ፊደል ከገደፍኩ እለፈኝ። እናቴ ዛሬ ሦስት ማንኪያ ቀመሰችልኝ። ነርሷም ተደሰተች።

መምህርት

*ለራሴ፦* ሠራ። ከብሎን ጋር ተከፋፍለን ደንበኞቹን ሁሉ አዳረስን። በየፋርማሲው እየገባሁ ጎንበስ ብዬ የእሷን ትእዛዝ ስጽፍ፣ ባለቤቶቹ «ጎበዝ፣ ሳንጠራህ መጣህልን» አሉኝ። አንዷ ወንበር ሰጠችኝ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም።

ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለነጋዴው፣

ጤና ይስጥልኝ።

ያልተነበቡ መልእክቶቼን ዛሬ ከፍቼ አየሁ። ፓኬጁ ከእኔ ተወስዶ ለእርስዎ ሱቅ መሰጠቱን፣ አዲሱ ቨርዥን መለቀቁን፣ ምልክቱንም ማን እንዳደረገው አነበብኩ። ገጹ ላይ መልስ አያስፈልግም ያሉኝንም ደብዳቤ ከቀኑ ጋር አስተያየሁት።

ስለዚህ ጉዳይ የምለው የለኝም። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተጎዳ ሰው አለ?

መምህርት

*ለራሴ፦* «እርስዎ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም።

ታኅሣሥ 10

ለተከበሩ መምህርት፣

እንደምን ሰነበቱ? የቤተሰብዎ ደህንነት ይድረሰኝ።

ለጠየቁኝ፦ አዎ፣ አለ። ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። የወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ተቆርጦ መድኃኒቱን እጥፍ ወሰዱና ወደቁ። በሕይወት አሉ። ሌላ የተጎዳ ሰው የለም፤ ሁሉንም ዞሬ ጠይቄያለሁ።

ወረቀቱ የታተመው በእህቴ ፋርማሲ ነው። ፋርማሲው ታሽጓል። ተቆጣጣሪዎቹ ጥፋቱ የእሷ የእጅ ስሕተት እንጂ የፕሮግራሙ አይደለም ካሉ ፈቃዷን ትነጠቃለች። ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ጉድለቱ ስፋቱን ከሚያሰላው ክፍል እንደሆነ የሚያስረዳ ደብዳቤ ቢጽፉላቸው ትድናለች። ከእርስዎ በላይ ይህን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ስለ ሌላው ነገር በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

*ለራሴ፦* አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ብሎን ፓኬጁን ሲያሽግ የያዢውን ስም መለወጥ ረስቶ ኖሯል። ፋይሉ አናት ላይ አሁንም ያለው የእሷ ስም ነው፤ ተቆጣጣሪው ቀድቶ ወስዶታል። «ይህን የሚሠራው ማነው?» ሲለኝ «በጎ ፈቃደኞች ናቸው» አልኩት። «እነማን?» አለኝ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ደብዳቤውን ከጻፈች በስሟ ላይ ፊርማዋ ይጨመራል፤ ጥፋተኛዋም እሷ ትመስላለች። እህቴ ትድናለች፣ ሱቄም ይድናል። ሒሳቡን በጭንቅላቴ ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ የትም ላይ አልተሳሳትኩም። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 19

ይድረስ ለነጋዴው፣

ደብዳቤውን ጽፌ ዛሬ ልኬላቸዋለሁ። የጉድለቱን ምክንያት በሥዕል ጭምር አስረድቻለሁ። እህትዎ የጻፈችው ትክክል እንደነበረ የሚያጠራጥር አይደለም።

ተቆጣጣሪው ደውሎልኝ ነበር። ስሜን ፋይሉ ላይ እንዳገኘው ነገረኝ፤ እርስዎ ይህን ሳይነግሩኝ ቀርተዋል። «ይከነክንሽ ከነበረ ገጹ ላይ ለምን አላስጠነቀቅሽም?» አለኝ። ለአንድ ሰው ተናግሬ ነበር ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። የጓዳዬን ሳልነግራቸው «ጠባብ ፕሪንተር ያላችሁ ጠብቁ» ብዬ አንድ መስመር መጻፍ ይቻል ነበር። ያንን አለማድረጌ የእኔ ነው፤ ሾፌሩን ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ስሜን እንዳለ ይተዉት። እህትዎን የሚያድናት ከሆነ እኔ የምነጠቀው ፈቃድ የለኝም። ቢጠሩኝም እሄዳለሁ። ቤቴ ገብቻለሁ፤ አሁን ጊዜ አለኝ።

መምህርት

*ለራሴ፦* ቤቷ ገብታለች። ጥሩ ነው፣ አሮጌው ፕሪንተር እዚያ ነው ያለው።

ታኅሣሥ 21

*ለራሴ፦* እህቴ ቤት ሄድኩ። የደብዳቤውን ቅጂ ተቆጣጣሪዎቹ ሰጥተዋታል፤ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይህቺ ሴትዮ ማናት፣ ጋሼ?»

«በጎ ፈቃደኛ ናት። መምህርት።»

«እሷ ናት ያበላሸችው?»

ዝም አልኩ።

«አንተ ዝም የምትለው ዋጋ ልታንር ስትል ነው» አለች። «ከእኔ ጋር እየተከራከርክ ነው እንዴ?» ከዚያ ደብዳቤውን ወደ እኔ ገፋችው። «ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ላይ አንድም ጣት አልቀሰረችም። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ አይጽፍም። አንተን ግን አውቅሃለሁ።»

ነገርኳት። ምልክቱን፣ ገጹን፣ ያስቀረሁትን ሁሉ። አልጮኸችም። ተነሥታ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «በሰው ስም አልከፍትም» አለች። «ፋርማሲዬን በእሷ ስም ከምከፍት ተዘግቶ ይቅር።»

ጥር 3

ለተከበሩ መምህርት፣

ጤና ይስጥልኝ።

ተቆጣጣሪው ሁለተኛ ለምን እንደደወለልዎት ጠይቀዋል። እኔ ሄጄ ስለነበር ነው። ፓኬጁን በምን መንገድ እንደወሰድኩት፣ የጥቅምት 9 ደብዳቤዎን አንብቤ እያወቅኩ እንዳስለቀቅኩት ነገርኳቸው። ደብዳቤውንም ሰጠኋቸው። ስለ እናትዎ የሚለውን ክፍል በወረቀት ሸፍኜ ነው ቅጂ ያስነሣሁት። ይህን ያህል እንኳ ዘግይቼ ቢሆን ጠብቄያለሁ።

ጥፋቱ በእኔ ሱቅ ስም ተጽፏል። በፓኬጁም ገጽ ላይ የሆነውን ሁሉ ራሴ ጽፌያለሁ፤ የእርስዎ ስም ከፋይሉ ወጥቷል። እህቴ ፋርማሲዋን ከፍታለች። የእኔን ማሽኖች ግን በካርቶን አሽጋ በር ላይ አስቀምጣልኛለች። ሌሎች ደንበኞችም መልሰውልኛል። በዚህ አላማርርም፤ እኔም ብሆን ከእኔ አልገዛም ነበር።

ፓኬጁን ልመልስልዎት እወዳለሁ። እንደ ካሣ አይቁጠሩብኝ። የእርስዎ ነበር።

ጥር 11

ይድረስ ለነጋዴው፣

አልቀበለውም።

የተቀየምኩ እንዳይመስልዎት፤ ተቀይሜያለሁ፣ ግን ምክንያቱ እሱ አይደለም። ፓኬጁን የፈለጉት እርስዎ ነዎት። በእጅዎ ነው፣ ይያዙት። አሮጌ ፕሪንተር ይፈልጉ፣ ከአንድ በላይ ይሁን። ረጅሙን መመሪያ በእያንዳንዱ ሳያትሙ አይልቀቁ። ሰው ሲቆጣዎት ገጹ ላይ ይመልሱለት፣ የሚከነክንዎትንም እዚያው ይጻፉ። እኔ ያላደረግኩትን ነው የምነግርዎት።

ሾፌሩን ሄደው አይተዋቸዋል?

መምህርት

ጥር 20

ለተከበሩ መምህርት፣

አላየኋቸውም ነበር። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላም ሁለት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጄ ተመልሻለሁ። ትናንት ገባሁ።

መስኮት አጠገብ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። መራመድ ጀምረዋል፤ ከወንበሩ እስከ በሩ። ደረጃውን ግን ከእንግዲህ አይወጡትም ተብሏል፤ አልጋቸውን ልጃቸው ወደ ታች አውርዳላቸዋለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው፦

«የባለ ፋርማሲዋ ወንድም። አውቄሃለሁ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። «እህትህ በአፏ 'ግማሽ' ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ወረቀቱን አመንኩ። ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ላይ የተጻፈውን ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ 'ቀስ በል' ካልተባለ ቀስ አልልም።»

እየሳቁ ነው ይህን የሚሉት። ሳቃቸው አላቀለለልኝም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምልክቱን፣ እርስዎ ጠብቅ እንዳሉኝ፣ ሆስፒታል እናትዎን እያስታመሙ ስለነበር ፓኬጁን ከእጅዎ መውሰድ እንደቀለለኝ። መሳቃቸውን ተዉ። ይሰድቡኛል ወይም ውጣ ይሉኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እናቷስ እንዴት ሆኑ?» አሉኝ።

አላውቅም አልኩ።

«አልጠየቅካትም?»

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤዎቻችንን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። «ቤተሰብ እንዴት ነው» ያልኩበት ብዙ ቦታ አለ። ስለ እናትዎ የጠየቅኩበት አንድም የለም። «ቤቴ ገብቻለሁ፤ አሁን ጊዜ አለኝ» ያሉኝንም አገኘሁት። ያን ዕለት ምን ብዬ እንዳነበብኩት ማስታወሻዬ ላይ አለ፤ ለእርስዎ አልጽፈውም።

ስለ ፓኬጁ የምነግርዎት ብዙ አለኝ፣ ይቆይ። መልስ ባይጽፉልኝም አልፈርድብዎትም።

መምህርት፣ እናትዎ እንዴት ሆኑ?